ብሬንዳ ዘፈኑን ከማን ተማረችው?

ክቡር ቄስ፣ የብሬንዳ ኦልድሮይድ ጎረቤቶችና ወዳጆች፣ ታዋቂውን ዘፈን መጀመሪያ ያሰማችውን ሴት ቀብር ልትቀርጹ ካሜራችሁን ይዛችሁ ከለንደን የመጣችሁም እንግዶች፤ በዚህ ዝናብ ስለቆማችሁላት አመሰግናለሁ። ዶሪን ነኝ። ከብሬንዳ ጋር አንድ ጊታር እየተቀባበልን ነው ያደግነው።

እውነቱን ልናገርና ዛሬ ማንንም ማመን አቅቶኛል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ? ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ቆማ ሾርባ ስትጨልፍ የት ነበራችሁ?

ያኔ ወጣት ሳለን ወንዱም ሴቱም ጸጉሩን ለቆ አበባ ሰክቶ ይዞር ነበር። እኛ ግን ከመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ የዘፈን ክበብ ነበረን። የጥንት የሕዝብ ዜማ ካልሆነ አይዘፈንም። ሰብሳቢያችን ኬኔት ሄይግ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሊዘፍን የተነሳውን ሁሉ «ከማን ተማርከው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሌለው ሳይዘፍን ይቀመጣል።

አንድ ምሽት ብሬንዳ ተነሳች።

«ከማን ተማርሽው?» አላት ኬኔት።

«ከአያቴ። ሽመና ፋብሪካ እየሠራች የምትዘፍነው ነው።»

«የሸማኔዎች ዜማ! እሰይ ብሬንዳ!» ብሎ ጻፈ።

«ማሽኑ ሲቆም» የምትሉት ዘፈን የተሰማው ያን ቀን ነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ግን ጠረጠርኩ። አያቷን አውቃቸዋለሁ። የማሽኑ ጩኸት ገና በሠላሳ ዓመታቸው ጆሯቸውን ደፍኖት፣ የሰው ከንፈር እያዩ ነበር የሚያወሩት። ሲዘፍኑ የሰማ ከመካከላችሁ አለ?

ደረጃው ላይ ያዝኳት። «አንቺ ውሸታም፣ ያንቺ ነው አይደል?»

«ዝም በይ ዶሪን! የኔ ነው ካልኩ ያስቀምጡኛል።»

ዝም አልኩ። ኬኔት መጽሐፉ ላይ «ደራሲው ያልታወቀ» ብሎ አሳተመው። የትምህርት ቤቱ ልጆች አዳራሽ ውስጥ ሲዘፍኑት ብሬንዳ ጭልፋዋን ይዛ ትሰማ ነበር። አስተማሪው «ሁለት መቶ ዓመት ይሆነዋል እኮ» ቢላት፣ «ኧረ ያን ያህልስ አላረጀም» አለችው።

ኬኔት፣ አዎ አንተ፣ ባርኔጣህን ይዘህ የቆምከው። አያቷ ቤት ሻይ ጠጥተህ የለም ወይ? እንደማይሰሙ አላየህም? አላወቅሁም ብትለኝ አላምንህም። ራሴንም አላምንም። እኔስ አፌን ማን ለጎመው? ውሸት መሆኑን ከተናገርኩ ክበቡ እኔንም ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ሆስፒታል አልጋዋ ላይ፣ «አሁንስ ልናገር?» አልኳት። «የኔ መሆኑን ካወቁ መዝፈኑን ይተዉት ይሆናል» አለችኝ። አያችሁ፣ እሷም አላመነቻችሁም። እኔም እጠረጥራችኋለሁ። እስቲ መዝፈኑን ሳትተዉ አሳፍሩን።

አሁን ወደ መቃብሯ ስትወርድ አብረን እንዘፍነዋለን። የክበቡ ሕግ ግን ሕግ ነው። ኬኔት፣ ጠይቀኝ። ጮክ በል፣ አልተሰማም።

ከብሬንዳ ኦልድሮይድ ተማርኩት። እሷ ከማንም አልተማረችውም። ጻፈው።

ደህና ሁኚ እህቴ። ከእንግዲህ ማንም ተቀመጪ አይልሽም።