ሀበሻ ከሆነ ይሮጣል

ኳሱ ለሦስተኛ ጊዜ የዳዊትን ደረት መትቶ ወደቀ። ፈረንጆቹ ፉትቦል በሚሉት የእጅ ጨዋታ ኳስ ይቀልቡ የነበሩት ሁለቱ ልጆች ለነዳጅ ቁፋሮ ሥራ ወደ ሰሜን ሄደው፣ የኮሌጁ ቡድን የቅዳሜ ግጥሚያ ደርሶበታል። አሰልጣኙ ታዲያ ዳዊት ሀበሻ መሆኑን ሰማና "ሯጭ ነው" ብሎ አስገባው። አይ ብልህ! ዳዊት ዶቨር በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤቴ ነው፤ ባስ ሲያመልጠው እንኳ ቆሞ ነው የሚያየው።

ሜዳው ዳር እየጠረግኩ ዝም ማለት አቃተኝ። "እጁን አይተህለታል?" አልኩት አሰልጣኙን።

"እግር ካለው እጅ ይለመዳል" አለኝ።

ኳሱ ለአራተኛ ጊዜ ወደቀ። "ጋሼ፣ ሩጫ አልችልም ብዬው ነበር እኮ፤ ትሑት ነህ አለኝ" አለ ዳዊት።

አሰልጣኙ መጥረጊያዬን አየ፤ ቀጥሎ እግሬን አየ።

"አንተም ኢትዮጵያዊ ነህ አይደል? ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?"