ወጌሻው በሩን ሲዘጋ

ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ እግሯን በሻሽ ያሰረች ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል።

«ገበያው ጀርባ ያለው ወጌሻ ጋ እየሄድሽ ነው፣ ልጄ?»

«ዛሬም ነይ ብሎኛል፣ እትዬ። ግን ፈራሁ።»

«ምን አስፈራሽ?»

«ባለፈው እናቴን አስወጥቶ በሩን ዘጋ።»

«ወጌሻ እኮ ቤተሰብ እያየ ነው የሚያሸው።»

«ወለም ያለኝ ቁርጭምጭሚቴን ነው። እጁ ግን ከጉልበቴ በላይ ወጣ። ተው ስለው፣ ጅማቱ የሚነሳው ከዚህ ነው አለኝ።»

«ለሰው ነገርሽ?»

«እሱ እኮ ስንቱን ያዳነ ነው። ማን ያምነኛል?»

«እኔ። ወገቤን ያሸኝ ቀንም በሩን ዘግቶ ነበር። አብሽሪ፣ ፖሊስ ጣቢያው ጋ አብረን እንወርዳለን።»

ከኋላቸው ሆኜ ስሰማ የነበርኩት እኔ፣ ያው ወጌሻ የልጄን ትከሻ እንዲያሽበት የያዝኩትን ቅቤ ወደ ከረጢቴ መለስኩት።