ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ደሴ፣ ከአንድ አዳራሽ መድረክ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የነጎድጓድ ባንድ የመጀመሪያ ካሴቱን ሃያኛ ዓመት የሚያከብርበት ኮንሰርት ሊጀመር ሲል የባንዱ ድምፃዊ ይልቃልና ጊታሪስቱ አጥናፉ።

አጥናፉ፦ አላልተህ ካልዘፈንከው ጊታሬን አልሰካም። ጨርሻለሁ።

ይልቃል፦ ሃያ ዓመት ሙሉ አጥብቄ የዘፈንኩትን ዛሬ፣ ያውም አገርህ ደሴ ላይ፣ ላላ ላድርግልህ?

አጥናፉ፦ አንዲት ፊደል ናት። "ለ"ን ለቀቅ ማድረግ ያቅትሃል?

ይልቃል፦ ውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ አይተኸዋል? ግማሹ ካናቴራው ላይ "አለ" ብሎ አጽፎ ነው የመጣው። ምን ልበለው? "ይቅርታ፣ ሃያ ዓመት ያለ መስሏችሁ የጨፈራችሁለት ሰውዬ የለም" ልበለው?

አጥናፉ፦ እንደዚያ በለው። እውነቱ እሱ ነው።

ይልቃል፦ አጥኔ፣ ትናንት ነው የእትዬ የሻረግን አርባ ያወጣነው። እናትህን የቀበርክ ሐዘንተኛ ነህ፤ አፍህ ያመጣልህን ትናገራለህ፣ እኔም እችልሃለሁ።

አጥናፉ፦ አትቻለኝ። ስማኝ ብቻ። እኔ የጻፍኩት "ወንድሜ አለ፣ ከወንዙ ማዶ፤ እናቴን አደራ፣ ቤቷ አይሁን ባዶ" ነው። አለ፤ ተናገረ። ወንድሜ መኳንንት ግንባር ላይ ነፍሱ ሳትወጣ ለጓደኛው የተናገረው ነው። ኑዛዜ ነው። አንተ "አለ"ን አጥብቀህ የሞተውን ወንድሜን ከወንዙ ማዶ በሕይወት አቆምከው።

ይልቃል፦ ፊደሉ አንድ ነው። ይጥበቅ ይላላ ብለህ ምልክት አላደረግክበትም።

አጥናፉ፦ ጋዜጣ ስታነብ ማን ምልክት ያደርግልሃል?

ይልቃል፦ ጋዜጣ አልዘፍንም።

አጥናፉ፦ የቅኔ መምህር የልጅ ልጅ ነኝ እኮ። ላልቶና ጠብቆን እናቴ ናት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ያስተማረችኝ። የእኔን ግጥም እንደ ሱቅ ታፔላ ታነበዋለህ ብዬ መች ጠረጠርኩ።

ይልቃል፦ ብትጠረጥር ኖሮ ስቱዲዮ ትገኝ ነበር። የት ነበርክ?

አጥናፉ፦ የት እንደነበርኩ ታውቃለህ።

ይልቃል፦ አኩርፈህ ቤትህ። "የወንድሜን ዘፈን እኔ ነኝ የምዘፍነው" አልክ። ድምፅህ ቀጭን ነው፣ አይሸከመውም ስንልህ ወረቀቱን አምፕሊፋየሩ ላይ ጥለህ ወጣህ። በዚያ ላይ ሶሎህን አሳጠርኩብህ።

አጥናፉ፦ አላሳጠርከውም፣ ቆረጥከው። ሁለት ደቂቃ የነበረውን አሥራ አምስት ሰከንድ አደረግከው። ሰው ገና ሆዱ ሲባባ አንተ ትገባለህ።

ይልቃል፦ ሰው የሚያለቅሰው እኔ ስገባ ነው።

አጥናፉ፦ ይኸው። ስም አውጪህ ያውቅ ነበር። ይልቃል፤ ከሁሉ ይልቃል። ውጭ ያለውን ፖስተር አይተኸዋል? ያንተ ፊት ሙሉ ነው፤ የእኔ ግማሽ ጆሮ።

ይልቃል፦ ስሜን ያወጣው አባቴ ነው፤ ቂምህን ከእሱ ጋር ጨርስ። ፖስተሩን ደግሞ እኔ አልሣልኩትም።

አጥናፉ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ምን ይላል? "ግጥምና ዜማ፣ ነጎድጓድ ባንድ።" ወንድም የሞተበት ባንድ አይቼ አላውቅም።

ይልቃል፦ ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም? ሬዲዮ ላይ አብረን ቀርበን ጋዜጠኛው "ወንድምህ ይመጣል ብለህ ትጠብቃለህ?" ሲልህ "ተስፋ አለን" ያልከው አንተ ነህ። አጥብቀህ ነው ያልከው፤ አጠገብህ ነበርኩ።

አጥናፉ፦ እናቴ ትሰማ ነበራ።

ይልቃል፦ ስለዚህ የዋሻት ማን ነው?

አጥናፉ፦ አትቸኩል። የመኳንንት ጓደኛ ከግንባር መጥቶ የወንድሜን የእጅ ሰዓት ሰጠኝ፣ ያለውንም ነገረኝ። ለእናቴ ልነግር ሦስት ጊዜ ደጇ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አፌ እምቢ አለኝ። ግጥም ላይ ግን እሺ አለኝ። ካሴቱ እጄ ሲገባ ይዤላት ልሄድ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ላሰማት ነበር ሐሳቤ። ቅኔ ታውቃለች፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ትረዳኛለች ብዬ።

ይልቃል፦ መርዶ በጊታር? መርዶ እኮ ማልዶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት አስከትሎ ነው የሚነገር።

አጥናፉ፦ የእኔ ሽማግሌ ያ ዘፈን ነበር። አንተ ቀደምከኝ። ከጎረቤት ሬዲዮ ሰማችው፣ ጠብቆ። እኔ ስደርስ ግቢው በእልልታ ቀልጧል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አለ አይደል ልጄ? አንተ መቼም ሳታውቅ አትጽፍም" አለችኝ። ሰዓቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይልቃል፦ እና ዝም አልክ።

አጥናፉ፦ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የመኳንንትን አልጋ በየሳምንቱ ታነጥፈው ነበር። የግቢውን በር አንድ ቀን ቆልፋው አታውቅም ነበር። አንተ አጠበቅከው፣ እሷም ጠበቀች። ሃያ ዓመት ጠበቀች።

ይልቃል፦ የመንግሥት ወረቀት አልመጣም?

አጥናፉ፦ መጣ። ተጠሪ ብሎ ያስመዘገበው እኔን ነው፤ እጄ ላይ ነው የደረሰው። እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ከትርፎቹ ክሮች ሥር።

ይልቃል፦ የጊታርህ ሳጥን ውስጥ? በየመድረኩ ይዘኸው ስትዞር ነበር?

አጥናፉ፦ በየመድረኩ።

ይልቃል፦ እግዜር ያሳይህ። ክር በተበጠሰብህ ቁጥር አመድ መስለህ የምትመጣው ለዚህ ነዋ። እኔ ስሜ ሲጠራ ቀንተህ ነበር የሚመስለኝ።

አጥናፉ፦ ቀንቻለሁም። እሱንም አልክድህም። የወንድሜ ሞት ያንተ ዝና ሲሆን ማየት ምን እንደሚመስል አታውቀውም።

ይልቃል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሃያ ዓመት አፍህን ይዘህ ኖረህ፣ አፈር ከለበሱ በኋላ ሺህ ሰው ፊት መርዶ ትነግራለህ?

አጥናፉ፦ እያለች ብናገር ይገድላታል ብዬ ነው። አሁን የሚጎዳ ሰው የለም። መኳንንት መቃብር የለው፣ ተዝካር የለው፣ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም። ካለ ማን ያለቅሳል? ቢያንስ ዛሬ በአገሩ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ይሙትልኝ።

ይልቃል፦ ድራሙን ስማ። ልጆቹ እየጠበቁን ነው።

አጥናፉ፦ ይጠብቁ። አንድ ነገር መልስልኝ፤ ሳትዋሽ። ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ቃሏ ሁለት ዓይነት እንደምትነበብ ሳይገባህ ቀርቶ ነው?

ይልቃል፦ ምን ያደርግልሃል አሁን?

አጥናፉ፦ መልስልኝ።

ይልቃል፦ ገብቶኝ ነበር።

አጥናፉ፦ ገብቶህ ነበር።

ይልቃል፦ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ሲላላ ወሬ ይሆናል፤ ገና ከአፍህ ሳይወጣ ያልቃል። ሲጠብቅ ግን "ል" ላይ ቆመህ ትንፋሽህ እስኪያልቅ ትይዘዋለህ። ለጉሮሮዬ የሚመቸውን መረጥኩ።

አጥናፉ፦ ለጉሮሮህ። ወንድሜን ለጉሮሮህ ብለህ ከሞት አስነሣኸው።

ይልቃል፦ አዎ። አፍርበታለሁ።

አጥናፉ፦ ስልክ አልነበረም? "አጥናፉ፣ የትኛው ነው?" ማለት ስንት ቃል ነው?

ይልቃል፦ ሦስት። ሦስቱ ከበዱኝ። ከደወልኩ "ያለ እኔ ማንበብ እንኳ አይችሉም" ብለህ ደረትህን ነፍተህ ልትመለስ ነው፤ ሶሎህም አብሮህ ሊመለስ ነው። አልሸነፍለትም አልኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ዘፋኝ መሆኔን እንጂ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

አጥናፉ፦ እኔም ብትደውል ልል የነበረው እሱኑ ነው።

ይልቃል፦ አውቄህ ነዋ።

አጥናፉ፦ በል እንግዲህ አሁን አላላው። ለእኔ አይሁን። ለእናቴ ብለህ።

ይልቃል፦ ለእሳቸው ብዬማ ነው እምቢ ያልኩህ።

አጥናፉ፦ ምን ማለትህ ነው?

ይልቃል፦ ተወው። እንውጣ፣ ሰዓት ደርሷል።

አጥናፉ፦ ይልቃል። በሩን ልቀቀው። ምን ማለትህ ነው?

ይልቃል፦ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ አምጥተሃቸው አልነበር? አንተ ናዝሬት ለሥራ ወርደህ ሳለ ልጠይቃቸው ቤትህ ሄድኩ። ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። ድምፄን ሲሰሙ እጄን ያዙና "ይልቃል፣ ያቺን ቃል ልጄ ሲጽፋት ላልታ ነው ጠብቃ?" አሉኝ።

አጥናፉ፦ እንዲህ ብላ አልጠየቀችህም።

ይልቃል፦ እንዲህ ብለው። የቅኔ መምህር ልጅ መሆናቸውን እኔን ለመስደብ ታነሣዋለህ እንጂ ራስህ ረስተኸዋል። "በሕይወት ያለ ሰው ምን ሆኖ እናቴን አደራ ይላል? ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ያጋልጠዋል" አሉኝ።

አጥናፉ፦ እልል ያለችውስ? በጆሮዬ የሰማሁት?

ይልቃል፦ እልልታቸው እውነት ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ልጃቸው በሕይወት ኖሮላቸዋል። በማግስቱ ጠላ ሲጠምቁ ስንኙን ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩት ገባቸው። ጋኑን እዚያው ትተው ጓዳ ገብተው ብቻቸውን አለቀሱ። አንተ ያኔ ደጅ ሆነህ ከጎረቤት ጋር ትስቅ ነበር አሉ።

አጥናፉ፦ ምን ብለህ መለስክላት?

ይልቃል፦ እውነቱን። "ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ከዛሬ ጀምሮ አላልቼ እዘፍነዋለሁ አልኳቸው። "የለም" አሉኝ።

አጥናፉ፦ ለምን?

ይልቃል፦ "ካላላኸው አጥናፉ ያወቅኩ ይመስለውና ከመናገር ይድናል። ይሄን ነገር ብቻውን ተሸክሞ አይቅር። ራሱ መጥቶ፣ አጠገቤ ተቀምጦ እስኪነግረኝ ድረስ አጥብቀህ ዝፈነው" አሉኝ። በሕይወት እስካለሁ ትንፍሽ እንዳትል ብለው በመኳንንት አፅም አስማሉኝ።

አጥናፉ፦ አልጋውስ? ያ ሁሉ አንሶላስ?

ይልቃል፦ "የነገረኝ ቀን የትም አይሄድም፤ እዚሁ አልቅሶ እዚሁ ይተኛል" ይሉ ነበር። በሩም አልጋውም የመኳንንት አልነበረም፣ አጥኔ። የሚጠብቁት አንተን ነው።

አጥናፉ፦ ባለፈው ፋሲካ መጥቼ ሦስት ቀን አደርኩ። ያ አልጋ ላይ ነው ያስተኛችኝ። ሦስቱንም ቀን ጎኔ ቁጭ ብላ "ምን የምትነግረኝ አለ፣ ልጄ?" ስትለኝ ነበር።

ይልቃል፦ አንተስ ምን አልካቸው?

አጥናፉ፦ ምንም የለም አልኳት።

ይልቃል፦ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። መሐላ ነው እላለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነው። አንተ ብትነግራቸው ማላላት ግድ ይሆንብኝ ነበር፤ ያ ዘፈን አይኖረኝም ነበር።

አጥናፉ፦ ሁለታችንም ዝም አልናት።

ይልቃል፦ ሁለታችንም። አሁን ግን መሐላው አልቋል። ከፈለግክ አላላዋለሁ። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ የሞተውም ማን እንደሆነ ከመድረክ እናገራለሁ። ሶሎህን ሁለት ደቂቃውን ሙሉ ተጫወት፤ አልገባብህም። ወስን፣ እየጠሩን ነው።

አጥናፉ፦ "እስኪነግረኝ ድረስ" ነው ያለችህ?

ይልቃል፦ እስኪነግረኝ ድረስ።

አጥናፉ፦ አልነገርኳትም። አጥብቀህ ዝፈነው።