ገና ያልደረሰው ሳር

ሩዙም ሽሪምፑም አይሸሽም፤ ሹካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

ጋሽ ሮስኮ ማዚክ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሆቴል አትክልተኛ ሆኖ የገባ ቀን፣ «ግቢውን እስከ ባሕሩ ድረስ እጨድ» ተባለ። አጨደ። አሸዋው ጋ ሲደርስ ማሽኑን አጥፍቶ ቁጭ አለ። አለቃችን ሚስተር ፕሪቻርድ፣ «ያ ጥግ ምነው ቀረ?» ቢሉት፣ «ገና አልደረሰም ጌታዬ» አላቸው። እኔ በኩሽና መስኮት እያየሁ፣ «ወይ ጉድ፣ ሰነፍ ቀጠሩልን!» አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰም!

ትጋቱ መቼ ይረሳል? ለጽጌረዳዎቹ አንድ ደግ ቃል የለውም፤ በዚያ ጥግ ያለውን የተንጨባረረ ‹ጣፋጭ ሳር›፣ የቅርጫት መስፊያውን፣ ግን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ» ይለዋል። እንግዳ ወደዚያ ከተጠጋ፣ «እመቤቴ፣ እባብ አለ።» እባቡን ያየ አለ? የለም!

አንዴ እሱ ለቅሶ ሄዶ ሳለ፣ አለቃችን ሊያስደስቱን ብለው ሳሩን በማሽን አሳጭደው፣ በሪባን አስረው ለእኛ ለቅርጫት ሰፊዎቹ ሰጡን። ቁራጩ ጣት አያህልም! እንደኛ ያለ የጉላ ሰው፣ ቅርጫት መስፋት ከአያቶቹ የወረሰ፣ ይህን ሳር ሥሩን ሳይነካ አንድ በአንድ ይመዘዋል እንጂ መች ያጭደዋል? ጋሽ ሮስኮ ተመልሶ ነዶውን አየና፣ «ጌታዬ፣ ፈረሱስ መቼ ይመጣል?» አላቸው። እሳቸውም የዋህ ናቸው፣ «የምን ፈረስ?»

ከዛሬው ግብዣ በፊት ሁለት ጊዜ ጡረታ ወጣሁ ብሎ ኬካችንን በልቶ፣ ሁለቴም ሰኞ ተመልሶ መጣ። «ቤት ሰለቸኝ» ይላል። ዋሾ! ተተኪው ማሽን ይዞ ወደዚያ ጥግ እንዳይሄድ ፈርቶ ነው።

ጋሽ ሮስኮ፣ አሁንስ ቀልዱን ልተወው። የባሕሩ ዳር ሁሉ ታጥሮ ቪላ ሲሆን፣ እናቴ ቅርጫት የምትሰፋበት ሳር አጥታ እጇን አጣጥፋ በረንዳ ላይ ቀረች። አንተ እቅፍ ሙሉ ሳር ይዘህ መጥተህ፣ «እማማ፣ ይቺ ትበቃዎታለች?» አልካት። «አንተ ቀማኛ፣ ከማን ግቢ ነው?» አለችህ እየሳቀች። እስከሞተችበት ሳምንት ድረስ ሰፋች። ያኔ አላመሰገንኩህም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሥጋትህን እናውቃለን። ትናንት ሦስት ሴቶች አለቃችን ቢሮ ገብተን፣ «ካልፈረሙ አንወጣም» አልን። ፈረሙ። ጥጉ አይታጨድም፤ መዝዞ ለሚሰፋ ሁሉ በሩ ክፍት ነው። ወረቀቱ ይኸው፣ መነጽርህን አድርግና አንብበው።

ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሡ፤ አንብቦ ሳይጨርስ ግን ማንም እንዳይጠጣ።

ጨረስክ? በል እንግዲህ፣ ገና አሁን ጡረታ ወጣህ። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ለጋሽ ሮስኮ!