እትዬ ቀስ በቀስ እና ሰፊዋ ጀልባ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ከቅርብም ከሩቅም የተሰበሰባችሁ ወዳጆችና ጎረቤቶች ሆይ፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእኅታችንን የሕይወት ጉዞ በፊታችሁ የሚያነብበው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ድምፁ ቢቆራረጥበት ታገሡት፤ እርሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሡት ኖረዋልና።

እኅታችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በሐይቁ ማዶ፣ ዛሬም መኪና በማይገባባት የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ መረብ በመጠገን ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና ዓሣ እያደረቁ ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። አባታቸው የሰው መረብ ሲጠግኑ ኖረው አንድም ቀን የራሳቸው ጀልባ ያልነበራቸው፣ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁም የመረቡን ቀዳዳ መድፈን እንደሚችሉ፣ የሐይቁን ግን ማንም እንዳልደፈነው እየተናገሩ ሰውን የሚያስቁ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ።

እኅታችን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸውን ምጥ ያዛቸው፤ ምጡም ሁለት ቀን ሙሉ ስለጠናባቸው ጎረቤቶች በዚህኛው ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ ሊያሻግሯቸው በተገኘችው ጀልባ ላይ ጫኗቸው። ጀልባዋ ለፍጥነት የተሠራች፣ ጠባብና ረጅም ስለነበረች የምታምጥ ሴት የምትጋደምበት ቦታ አልነበራትም። እናታቸው በሁለቱ ቀዛፊዎች መካከል ኩርምት ብለው፣ ጭንቅላታቸውን በትንሿ ልጃቸው ትከሻ ላይ አሳርፈው ውሃውን አጋመሱ። ሕፃኑ እዚያው ተወለደ፤ እናቲቱ ግን ዳር ሳይደርሱ ዐረፉ። ያ ሕፃን ይህን የሚያነብላችሁ ወንድማቸው ነው። እኅታችን ሕፃኑን በነጠላቸው ጠቅልለው ከጀልባዋ ሲወርዱ ያየች የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ ልጅ ልጅ ታቅፋ መጣች ብላ ማልቀሷ በመንደሩ ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖሯል። እርሳቸው ግን ስለዚያ ቀን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረዋል፤ እርሱንም ከቦታው ስንደርስ እናነሣዋለን።

አባታቸው ከዚያ በኋላ ማዶ መኖር አንጀታቸው እንቢ ስላላቸው ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ ከተማ ተሻገሩ። እኅታችን ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ማለዳ ወንድማቸውን ለጎረቤት አጣቢ አደራ ሰጥተው፣ ከቀትር በኋላ ተቀብለው፣ እርሱን በአንድ እጅ እያባበሉ በሌላው ደብተራቸውን እየገለጡ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል እያለፉ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። ቀጥሎም በአዋላጅ ነርስነት ሠልጥነው ሲመረቁ አባታቸው በአዳራሹ ውስጥ ከሁሉ ቀድመው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከሁሉም በኋላ አቆሙ።

በከተማው ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ተመድበው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሙ። ቆሙ የምንለው በእውነት ስለቆሙ ነው። በዚያ ክፍል ስምንት አልጋና አንድ ወንበር ነበር፤ ወንበሩ ለአዋላጇ የተመደበ ቢሆንም እርሳቸው ግን ልጇ የምታምጥባትን እናት ያስቀምጡበት ስለነበር፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያቸው ሰው የለም። ለምታምጥ ሴት ሁሉ “ቀስ በቀስ የኔ እኅት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባለምጥ ጥርሷን ነክሳ “እትዬ፣ የኔ እንቁላል ግን ዛሬ እየሮጠ ነው” ብላ ብትመልስላቸው ስምንቱም አልጋ በሳቅ ተናወጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እትዬ ቀስ በቀስ የሚለው ስም ወጣላቸውና በዚያው ጸና።

ከባለቤታቸው ከመምህሩ ጋር የተዋወቁትም በዚያው ክፍል በር ላይ ነው። መምህሩ የሂሳብ አስተማሪ ሲሆኑ፣ ምጥ የያዛትን እኅታቸውን አድርሰው በሩ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ እኅታችንም ከባለምጧ ይልቅ አጃቢው አሳስቧቸው አንድ ጣሳ ውሃ ፊታቸው ላይ ቸለሱባቸው። መምህሩ ውሃ የምፈራው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እያሉ ቢቀልዱም፣ ከዚያ በፊትም ይፈሩ እንደነበር የሚያውቋቸው ሁሉ ያውቃሉ። ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ትዳራቸው ሰላም የሰፈነበት ቢሆንም አብሮ የመቀመጥ ነገር እምብዛም አልነበረበትም፤ አንዳቸው ሲገቡ ሌላቸው ይወጡ ነበርና፣ መምህሩ የባለቤታቸውን እራት በሌላ ሳህን ከድነው፣ በክዳኑ ላይ ትንሽ ወረቀት አስቀምጠው መተኛት ልማዳቸው ነበር።

እኅታችን በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከእንግዲህ ምን ለማድረግ እንዳሰቡ ጠየቋቸው። ጀልባ ገዝተው፣ ተመችቷቸው ተቀምጠው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ሲመልሱ ሁሉም ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቤት ገብተው ያንኑ ሲደግሙት ግን የሳቀ አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው፣ መድኃኒት ቀማሚዋ፣ ለመመቻቸትማ ጥሩ ሶፋ ይበቃል ብላ ተከራከረች፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጃቸውም አባቱ ዋና እንደማይችሉና ጉልበታቸውም እንደሚያማቸው አስታወሰ። መምህሩ ብቻ አንድ ነገር ጠየቁ።

“ስንት ሰው ትይዛለች?”

“ሁለት።”

“ሁለተኛው ማነው?”

“አንተ ነሃ።”

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያጸዱ ቆዩ፤ ከዚያም በሉ እንግዲህ እናያለን አሉ።

ምርጫው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ጀልባ የሚሸጡ ሰዎች ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ እኅታችን የሞተር ጉልበት ሳይጠይቁ፣ የቀለም ውበት ሳያዩ፣ ዳር በታሰረችው ጀልባ ውስጥ ገብተው ሦስት ሰዓት ይቀመጡ ነበር፤ መምህሩም ዳር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ይጠብቋቸዋል። አንዱ ነጋዴ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ቀጭን ጀልባ አሳይቷቸው ሐይቁን በሃያ ደቂቃ እንደምታቋርጥ ሲያወድስ ቢውል፣ እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲጣደፉ መኖራቸውንና ከእንግዲህ ቀድመው የሚደርሱበት ቦታ እንደሌለ ነግረው አመስግነውት ወጡ። ሌላው ባለ ጣሪያና ባለ ፍራሽ፣ እንደ ሙሽራ ቤት የተሽሞነሞነች ጀልባ አቀረበ። በዚህችኛዋ ተደስተው መምህሩን እንዲገቡ ለመኗቸው፤ መምህሩ አንድ እግራቸውን ቢያሳርፉ ግን ጀልባዋ ወደ ጎን ዘንበል አለችና የጣሪያውን ምሰሶ ሙጭጭ አድርገው ያዙ። እኅታችን እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው፤ የዚያችም ነገር በዚያው አበቃ።

በመጨረሻ ከከተማው ዳር ካለው ጀልባ ሠሪ ግቢ ደረሱ። ሠሪው ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። በግቢው ጥግ፣ ሸራ ለብሳ፣ ቀድሞ አሸዋ ትጭን የነበረች አንዲት አሮጌ ጀልባ ነበረች፤ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ወገቧ ሰፊ፣ ጠርዟ ዝቅ ያለ፤ ሠሪው ራሱ ለማገዶ ሊፈልጣት አስቦ ጊዜ አጥቶ የተዋት ናት። ያን ቀን ታናሽ ወንድማቸው አብሯቸው ነበር። እኅታችን ሸራውን ገልጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው ይቀመጣሉ ሲባል ግን በወለሏ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። እግራቸውን ዘረጉ፤ እጃቸውን ወደ ግራና ቀኝ ዘረጉ፤ ዐይናቸውንም ጨፈኑ። ሠሪው የታመሙ መስሎት መዶሻውን ጥሎ እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ቆዩ። ከዚያ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ ለወንድማቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

“እማዬ እዚህች ውስጥ ብትሆን ተጋድማ ትሻገር ነበር” አሉ።

 ሃምሳ ዓመት ሙሉ በእኅቱ ልብ ውስጥ ተቀምጦ የነበረውን ነገር ወንድማቸው ያን ቀን አየ። እርሳቸው ግን ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ ወንበሩ ከወለሉ ስንት ከፍ ቢል ጉልበት ለሚያመው ሰው እንደሚስማማ ሠሪውን ይጠይቁት ጀመር።

አራት ወር ተሠራባት። ሠሪው የመምህሩን ጉልበት በጠመኔ ምልክት እያደረገ ለካ፤ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር ሰካ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ መደገፊያ ያላቸው ሁለት ወንበሮች ገጠመ፤ በመካከላቸውም ሰው የሚጋደምበትን ያህል ወለል ክፍት ተወ። መምህሩ በበኩላቸው ጀልባዋ እንድትገለበጥ ምን ያህል ክብደት በአንድ ጎን መቆም እንዳለበት በጎኗ ላይ በጠመኔ አሰሉት፤ መልሱም ከቤተሰቡ ሁሉ ክብደት በልጦ ስለተገኘ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ውሃ ላይ ስትወርድ አጥማጆቹ ሳሎን ብለው ሰየሟት፤ ሳሎኗ መጣች፣ ሳሎኗ ሄደች ይባል ጀመር። እኅታችን በስሙ አልተቀየሙም። ማለዳ ማለዳ ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እርሳቸው መንጠቆ እየጣሉ፣ መምህሩ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር ያልተጨዋወቱትን ይጨዋወቱ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ነፋሱ ሲበረታ ወደ ማዶው ዳር ቀርበው ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ከዳር ሆነው ሲጣሩ ሰሙ። ምራታቸው አምጣ አምጣ ደክማለች፤ ልጃቸው ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ወደ ጥልቁ ውሃ ወጥቷል፤ በአካባቢው ከሳሎን በቀር ጀልባ አልነበረም። ሴቲቱን በወለሏ ላይ አጋደሟት፤ አሮጊቷም አብረው ገቡ። እኅታችን ከሆዷ አጠገብ ተንበርክከው አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰሷትና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

“ሞተሩን አንተ ያዝ።”

“እኔ?”

“ሌላ ማን አለ? የሆስፒታሉን ነጭ ግንብ እያየህ ሂድ። ማዕበሉን በአፍንጫዋ ተቀበለው እንጂ ጎኗን አትስጠው።”

መምህሩ በመጀመሪያ አንድ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ሌላኛውን ከወንበሩ ጠርዝ አላቀቁ። እየዳኹ ወደ ኋላ ሄደው የሞተሩን እጀታ ያዙ። ሐይቁ ያን ዕለት ነጭ አረፋ ለብሶ፣ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ እየቆመ ይፈርስ ነበር፤ ያቺ የተናቀች የአሸዋ ጀልባ ግን ወገቧን አስፍታ ውሃው ላይ ተኛችበት። ሕፃኑ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞበት፣ ጠቁሮና ዝም ብሎ ወጣ። እኅታችን እትብቱን አላቀቁ፤ አፉን ጠረጉ፤ ትንፋሻቸውን ቀስ አድርገው ሰጡት። አሮጊቷ መጸለይ እንኳ እንዳቃታቸው ኋላ ተናግረዋል። ከዚያ በነፋሱና በሞተሩ ጩኸት መካከል ቀጭን የሰው ድምፅ ተሰማ። መምህሩ ከነጩ ግንብ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ወደ ኋላም ሳይዞሩ ጠየቁ።

“ስንት ሆንን?”

“አምስት” አሉ እኅታችን።

ዳር ሲደርሱ ሳሎን እያሉ ይስቁባት የነበሩ አጥማጆች ገመዷን በዝምታ ተቀብለው አሰሩ። የመምህሩ እጅ ግን ከእጀታው አልላቀቅ ብሎ ስለነበር እኅታችን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈለቀቁላቸው። ከዚያ ወዲህ ማዶ ምጥ በጠና ቁጥር ሳሎን ትጠራ ጀመር፤ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሴቶች በዚያች ወለል ላይ ተጋድመው ተሻግረዋል፤ አንዳቸውም በመንገድ አልቀሩም። ጀልባዋን የመረጡት ለዚህ ይሆን ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ፣ የገዟት ለአምባዛ ዓሣ እንደሆነ ብቻ ይነገረው ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት እኅታችን በልብ ድካም ታመሙ፤ እግራቸው አብጦ ከጀልባዋ መግባት ተሳናቸው። ይህን ጊዜ መምህሩ የሠሩት ሥራ ቤተሰቡን ሁሉ ያስደነቀ ነው፤ በማግስቱ ማለዳ ብቻቸውን ሞተር አስነሥተው ወጡ። ልጆቻቸው ዳር ቆመው ጠበቋቸው። መምህሩ ያለ አንድ ዓሣ ተመለሱና አልጋው አጠገብ ተቀምጠው የውሃውን ቀለም፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ያዩዋቸውን ወፎች አንድ ሳያስቀሩ ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ማለዳ አላጓደሉም፤ እኅታችንም ትራስ ተደግፈው እየሰሙ፣ መምህሩ ነፋሱን ሲያሳስቱ ያርሟቸው ነበር። ባለፈው ማክሰኞም እንደ ወትሮው የማለዳውን ወሬ ሰምተው፣ ዛሬስ ትክክል ነህ ብለዋቸው፣ ከቀትር በኋላ በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን መምህሩን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በእጃቸው ወደዚህ ዓለም የመጡትን ስንት እንደሆኑ እርሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ጸጉራቸው የሸበተ አንዳንዶቹ ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል፤ አስከሬናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡትም እነርሱ ናቸው። መምህሩ በዚህ ንባብ ውስጥ እንዲነገርላቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማዶ የሚጣራ ካለ ከነገ ጀምሮ ጀልባዋ ትመጣለች።

ሐዘንተኛን የምታጽናና፣ የደከመውን የምታሳርፍ ፈጣሪ ሆይ፣ ለሌላው ወንበር እየለቀቁ ዕድሜያቸውን ቆመው ለጨረሱት ለእኅታችን ነፍስ፣ በአንተ ዘንድ ምቹ መቀመጫ ስጣት። አሜን።