አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ታክሲ ውስጥ ወሬ የሚያበዛ ሰው አልወድም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስንሄድ ግን ፊቴ የተቀመጡትን ሁለቱን ሰማኋቸው፤ አንዷ ላፕቶፕ ያቀፈች ልጅ፣ አንዱ ከአይከል የመጡ አዛውንት።

«ሥራሽ የት ነው ልጄ?»

«ቤቴ ነው አያ። ቀጣሪዎቼ ባሕር ማዶ ናቸው። እዚሁ ሆኜ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፍላቸዋለሁ።»

«አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

«ድምፃቸውን ብቻ ነው የማውቀው። እኛ ዘንድ ሲነጋ እነሱ ዘንድ ይመሻል።»

«ይህስ ሕልም ነው። ምነው ታዲያ ከፋሽ?»

«አዲስ ገቢ ነኝ፤ አሠራራቸው አልገባኝም። የመጀመሪያ ቀን ‹እናሳይሽ?› ሲሉኝ ‹አይ፣ ግድ የለም› አልኳቸው።»

«ሸጋ ብለሻል። ሰው ገና ሲጠየቅ እሺ አይልም።»

«እኔም እስኪደግሙልኝ ጠበቅኩ። አልደገሙም። ዝም ስል ሥራውን የጠላሁት መስሏቸው ሊያሰናብቱኝ ነው።»

«እንግዳን አንዴ ጠይቀው ይተዉታል?»

«ይተዉታል አያ።»

አዛውንቱ ከመስኮቱ ውጭ ካለው ጉም ዓይናቸውን መልሰው ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«እንግዲያ እኔ ልድገምልሽ። ያሳዩሽ?»

«አይ፣ ግድ የለም...»

«በሞቴ።»

«እሺ።»

ስልኳን አውጥታ ለቀጣሪዎቿ ጻፈች። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ታክሲው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስልኳ በራ።

«ምን አሉ?»

«‹አሁን እናሳይሽ?› ነው የሚሉት።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኳቸዋ።»

«በአንድ ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ።»

«ጉድ ነው» አሉና ሳቁ።

ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል እስኪደግመው ስጠብቅ መውረጃዬ በጉሙ ውስጥ አለፈኝ።