የማይሸት ንጽሕና

ተማሪው ሁሉ «እማማ በረኪና» የሚላቸው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው መሐል ባልዲያቸውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ በዚያው ሳምንት የተቀጠረችው ነርስ ስትወርድ አገኘቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የወጡት ደረጃ ነው፤ ዘንድሮ ግን የተጨመረበት ይመስላቸዋል።

«እማማ፣ ዓይንዎ ያነባል» አለች ነርሷ።

«እሱማ መለኪያዬ ነው ልጄ። ዓይኔ ሲያነባ በረኪናው በቃው እላለሁ። አፍንጫዬ ከተወኝ ሁለት ዓመት አለፈው።»

«እርስዎን ካልሸተተዎት ለምን ያበዙታል?»

«ዳይሬክተሩን ይሸታቸዋላ! ጠዋት በር ላይ ቆመው ያሸታሉ። ካልሸተታቸው አልተጸዳም ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰነፍ ተብዬ ልባረር?»

እንግዲህ ፍረዱ፤ አንዱ በአፍንጫው ይመረምራል፣ ሌላዋ በዕንባዋ ትሰፍራለች፣ ጦሱ ግን ለሕፃናቱ ሳንባ ይተርፋል።

«ሽንት ቤቱንስ?»

«እሱንማ ከአሲዱ ጋር ቀላቅዬ ነው። ተጋግዘው ይሥሩ ብዬ።»

የነርሷ ፊት ተለወጠ። «እማማ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ትናንት ሁለት ልጆች ደረታቸው ሲር ሲር እያለ መጡብኝ። ክፍላቸው ሽንት ቤቱ ጎን ነው።»

እማማ ተቆጡ፤ የደከመ ሰው ቁጣ ነውና ቶሎ አለቀ። «የምለፋው ለነሱ ብዬ አይደል? ታዲያ በምን ላጽዳ፣ በምራቄ?»

«በሞቀ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና። እድፉ በደንብ ተፈግፍጎ ሲታጠብ አብዛኛው ጀርም አብሮት ይሄዳል። በረኪናው ለሽንት ቤት ብቻ ይሁን፤ እሱም ተለክቶ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከምንም ሳይቀላቀል። ለመሆኑ እጣቢውን የት ይደፉታል?»

«አጥሩ ሥር።»

ሁለቱም በመስኮቱ አዩ። አጥሩ ሥር ያለው ሣር ከደረቀ ቆይቷል። እማማ ፀሐዩ ነው ሲሉ ነበር የከረሙት፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ግን በዚያው ፀሐይ ለምልሟል።

«ሣሩን የፈጀ ነገር እኔን ምን ብሎ ይምረኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እሺ። ዳይሬክተሩን ግን አብረሽኝ ትጋፈጫለሽ።»

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው አሸተቱ። «ዛሬ አልተጸዳም እንዴ?»

እማማ ነጭ ጨርቅ ሰጧቸው። «ወለሉን ይጥረጉበት። እኔ መጎንበስ ታክቶኛል።»

ሰውየው ግራ እየገባቸው ጎንበስ ብለው ጠረጉ። ጨርቁ እንደነጣ ተመለሰ። አብራ የቆመችው ነርስ የሁለቱን ልጆች ነገር አስረዳቻቸው።

«ለካ ሳሸት የኖርኩት መርዙን ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እማማ።»

ከዚያ ወዲህ ንጽሕና የሚመረመረው በጨርቅ ሆነ። አሲዱ ከዕቃ ቤት ወጣ፣ ክፍሎቹ መስኮታቸው ተከፍቶ ይጸዱ ጀመር፣ የልጆቹ ደረት ረጋ፣ አጥሩ ሥርም ሣር ብቅ ብቅ አለ። የእማማ ድካም ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በጥቂት ወር አይታጠብም።

አንድ ቀን ኮሪደሩን ሲወለውሉ ድንገት ቀጥ አሉ።

«ማነው ብርቱካን የሚልጠው?»

ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ብርቱካኑ የሚላጠው ከተዘጋው የሦስተኛ ክፍል በር በስተጀርባ ነበር። እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ሽታውን እስኪጠግቡ ማጉት። ዓይናቸው አነባ፤ ዛሬ ግን የሚለኩት በረኪና አልነበረም።